የጅቡ ፍራሽ

እኩለ ቀን ላይ ቡታጅራ የምትተኛ ከተማ አትመስልም። ባጃጁ ጥሩምባውን ይነፋል፣ የጋሪ ፈረስ አስፋልቱን ይቀጠቅጣል፣ የአገና ሚኒባስ ረዳት አንዲት የቀረችውን ቦታ ለሦስት ሰው ይሸጣል። ከገበያው ጀርባ ያለችውን ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ገፋ አድርጎ የገባ ሰው ግን ሌላ አገር ይደርሳል። በሰፊው ክፍል ወለል ላይ፣ በተደረደሩ ፍራሾች፣ ሕፃናት ተኝተዋል። አንዱ አፉን ከፍቶ፣ አንዷ የጎረቤቷን ጆሮ ይዛ፣ አንዱ አዲሱን ጫማውን ታቅፎ። የዚህ ቤት አጥር ከእኛ ቤት አጥር ጋር አንድ ነውና ይህን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ግን አልለመድኩትም። ገበያው እዚያ ማዶ እየጮኸ፣ እነዚህ ትንንሽ ደረቶች አንድ ላይ ሲነሱና ሲወርዱ ማየት፣ ባሕር አይቼ ለማላውቀው ለእኔ፣ ባሕር ማየት ይመስለኛል።

የዚህ የሕፃናት ማቆያ ባለቤት ሰልሚያ ሸረፋ ናት። ሃምሳን አለፍ ያለች፣ ወፈር ያለች፣ ሻርፗን በየደቂቃው ወደ ኋላ የምትወረውር ሴት። ሕፃናቱም፣ እናቶቻቸውም፣ እኔም ኡሚ እንላታለን። እናት ደግሞ አንቱ አትባልምና፣ ከመንግሥት ሰው በቀር እርስዎ የሚላት የለም።

ድሮ ቆጮ ነጋዴ ነበረች። ከጉንችሬ በኩል የሚመጣላትን ቆጮ በእንሰት ቅጠል እንደተጠቀለለ ደርድራ ትሸጥ ነበር። አንድ የገበያ ቀን አንዲት ሽንኩርት ሻጭ የሚያለቅስ ልጅ አምጥታ «እስክመለስ ያዥልኝ» አለቻት። ያዘችላት። በሚቀጥለው ገበያ ያቺ ሴት ጎረቤቷን አስከትላ መጣች፤ ጎረቤቷም የራሷን ልጅ። ቀስ በቀስ ከሰልሚያ ጠረጴዛ ሥር፣ በቆጮው ጥቅሎች መካከል የሚተኙ ሕፃናት በዙ። ደንበኞች «ይሄኛው ጥቅል ይተነፍሳል እኮ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አንድ የክረምት ቀን ጎርፍ ከጠረጴዛው ሥር ሲገባ፣ ሰልሚያ ቆጮውን ለጎርፉ ትታ ልጆቹን ተሸክማ ሮጠች። ከዚያ በኋላ ይህን ቤት ተከራየች። ቆጮ ሻጭነቷም በዚያው አበቃ።

አብረዋት ሁለት ሴቶች ይሠራሉ። ተናኘወርቅ ምግቡን ታበስላለች፤ ምላሷ ከማረቆ በርበሬ ይብሳል፣ እጇ ግን ለልጅ ሁሉ ይዘረጋል። ናጃህ ወጣት ናት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የመጣች፤ ልጆቹን ታጫውታለች፣ ታጥባለች፣ ትዘፍንላቸዋለች። ማስተኛት ግን የሰልሚያ ሥራ ነው።

ለዚህም አንድ መላ ነበራት። ልጆቹ ፍራሽ ላይ ከወጡ በኋላ ወደ ቆርቆሮው በር ትሄድና በጣቷ አንጓ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ታደርገዋለች።

«ማነው?» ትላለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አያ ጅቦ ነህ? እ… ዓይኑን ያልጨፈነ ልጅ አለ ወይ? ቆይ ልይልህ።»

ዞር ስትል ዓይን ሁሉ ተጨፍኗል። ጥቂት ቆይቶ የተጨፈነው ዓይን እውነተኛ እንቅልፍ ይሆናል። እሷን እናቷ ያስተኛቻት በዚሁ ጅብ ነው፤ እናቷንም የእናቷ እናት። እኔንም እናቴ ያስተኛችኝ በእሱ ነው። በጅብ ያልተኛ ማን አለ?

አንዲት ልጅ ብቻ አልተኛም አለች። አደይ ትባላለች፤ እናቷ ውድነሽ ባለፈው ዓመት ከማረቆዋ ቆሼ መጥታ ገበያው ውስጥ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ናት። አደይ ጅቡ ሲያንኳኳ ዓይኗን አትጨፍንም፣ አታለቅስምም። ፍራሿን ግድግዳው ድረስ ትጎትትና ጀርባዋን አስደግፋ በሩን ታያለች። ሌሎቹ ተኝተው እስኪነሱ ድረስ በሩን ታያለች።

«ይቺ ልጅ የድንጋይ ልብ ነው ያላት» ትል ነበር ሰልሚያ። «ወላሂ ጅብም አትፈራ!»

በግንቦት መጀመሪያ ሲና መጣች። ሲና በከተማው ያሉ የሕፃናት ማቆያዎችን የምትከታተል የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ገና ወጣት፣ ፈጠን ብላ የምትናገር፣ ቦርሳዋ ከትከሻዋ የማይወርድ።

«ኡሚ ሰልሚያ፣ አዲስ ነገር ይዤልዎት መጥቻለሁ።»

«መጀመሪያ ሻይ ጠጪ። አዲስ ነገር በባዶ ሆድ አይወራም።»

ሲና ሻዩን እየጠጣች አስረዳች። ከአሁን በኋላ ሕፃናት የሚይዝ ሰው ሁሉ ሥልጠና መጨረስ አለበት። ሥልጠናው አዳራሽ የለውም፤ በስልክ ነው።

«አበልስ?» አለች ተናኘወርቅ ከጓዳ።

«አበልም የለውም።»

«አስተማሪውስ የት ይቀመጣል?»

«አስተማሪ የለም። ቪዲዮ ይታያል፣ ድምፅ ይደመጣል፣ ከዚያ ጥያቄ ይመለሳል። ሲመቻችሁ ትከፍቱታላችሁ፣ ሲደክማችሁ ትዘጉታላችሁ። በራስ ፍጥነት ነው የሚባለው።»

«በራስ ፍጥነት!» ሰልሚያ ሳቀች። «የእኔ ፍጥነት የእንሰት ፍጥነት ነው ልጄ። ተተክዬ እስክበላ ስንት ዓመት!»

ሲናም ሳቀች፤ ከዚያ ግን ሳቋን ሰበሰበች። «እንሰቷ ሰኔ ሳያልቅ መድረስ አለባት ኡሚ። ወረቀቱ የሌለው ሰው ልጆች ክፍል አይገባም። የማቆያው ባለቤት ከሌላት ደግሞ ፈቃዱ አይታደስም። ማቆያው ይዘጋል።»

«እኔ? ከራሴ ቤት ልወጣ?»

«ከራስዎ ቤት።»

ሰልሚያ ሻርፗን ወደ ኋላ ወረወረች። ልጆቹ ከተኙበት ክፍል በኩል የአንዱ ሳል ተሰማ። ከዚያ ጀምሮ በዚህ ቤት ከሰኔ መጨረሻ በቀር የሚታሰብ ነገር አልነበረም።

በቤቱ ውስጥ ደህና ስልክ ያላት ናጃህ ነበረች፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ ቢሆንም ይሠራል። የመመዝገቢያው ገጽ ስም ሲጠይቅ፣ የስልኩ ባለቤት ናጃህ ስለሆነች ስሟን ጻፉ።

«ለየብቻ መመዝገብ ሳይሻል አይቀርም» አለች ናጃህ ፈራ ተባ እያለች።

«ለየብቻ?» ተናኘወርቅ ማማሰያውን አነሳች። «ጅብ እንኳ ሲያገኝ ይጠራራል! ሦስት ሴት ለሦስት ተከፋፍላ አንድ ስልክ ላይ ምን ታደርጋለች?»

ሰልሚያም በዚህ ተስማማች። በዚህ አገር ቤት ሲሠራ፣ ጣራ ሲከደን፣ እንሰት ሲፋቅ፣ ሰው ሲቀበር፣ ብቻውን የሚወጣ ማን አለ? ሥልጠናውንም እንደ ማሳ ከፈሉት። የምግቡንና የንጽሕናውን ትምህርት ተናኘወርቅ ወሰደች። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ልቅሶ፣ የወደቀና የታነቀ ልጅ፣ ይህ ለሰልሚያ ሆነ። ስሙ ከበድ ያለው፣ መንግሥት መንግሥት የሚሸተው ሁሉ ለናጃህ ተተወ። «ልጅን ያለ ማስፈራራትና ያለ ቅጣት መምራት» የሚለውም ትምህርት በዚሁ ለናጃህ ደረሰ። ናጃህ ጓሮ ቁጭ ብላ አዳመጠችው፣ ጥያቄዎቹን መለሰች፣ አለፈች። ለኡሚ ምን ትበላት? አንዲት ልጅ ለእናቷ እንዲህ ያለ ነገር በምን አፏ ትናገራለች?

አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሙዚቃ አሰማ። አረንጓዴ ጠርዝ ያለው ወረቀት መስታወቱ ላይ ብቅ አለ፦ እንኳን ደስ አለዎት፣ ናጃህ ዑመይር። ተናኘወርቅ እልል አለች። ልጆቹም ነገሩ ሳይገባቸው እልል አሉ፤ ከአጥሩ ማዶ እኔም ልል ምንም አልቀረኝም። ሰልሚያ ወረቀቱን አሳትማ ግድግዳው ላይ ሰቀለችውና ሲናን አስጠራች።

ሲና ግድግዳውን አየች። «ጎበዝ ናጃህ! የእርስዎስ ኡሚ?»

«ያው ነዋ። አንድ ላይ ነው የሠራነው። በደቦ።»

ሲና ቦርሳዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ከትከሻዋ አወረደች። «ኡሚ… ይሄ የናጃህ ብቻ ነው።»

«ናጃህስ የእኛ አይደለችም?»

«ስልኩ እሱን አያውቅም።»

ሰልሚያ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ፊቷ ፈካ። «ገባኝ! ደቦ የወጣ ሰው አርሞ ይሄዳል፣ እህሉ የባለ ማሳው ነው። እኛ ያረምነው የናጃህን ማሳ ነዋ! ጥሩ፤ እንግዲህ ተራው የእኔ ነው። እነሱ ደግሞ ወደ እኔ ማሳ ይመጣሉ።»

«አይመጡም» አለች ሲና ቀስ ብላ። «እዚህ ማሳ ላይ ደቦ አይገባም። እርስዎ ብቻዎን ነዎት።»

ይህን ሰልሚያ ስትነግረኝ፣ «ብቻዎን» የምትለዋ ቃል ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ኋላዋን አየች፤ የሚከተላት ሰው መኖር አለመኖሩን እንደምታጣራ።

ተናኘወርቅ የወንድሟን ስልክ ተውሳ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ እየሰደበች፣ በጥቂት ቀን ጨረሰች። ሰልሚያ ግን ጊዜዋ እኩለ ቀን ብቻ ነበር። ጅቡ በሩን ያንኳኳል፣ ልጆቹ ይተኛሉ፣ እሷ ዙህር ትሰግዳለች፤ ከዚያ የናጃህን ስልክ ትቀበልና በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ በራሷ ስም ትከፍተዋለች። ድምፁን ዝቅ ታደርጋለች። የምታስተምረው ሴት ድምፅ እንደ ሬዲዮ የጠራ ነው። ሰልሚያ «እሺ»፣ «እውነትሽን ነው»፣ «ኧረ ይሄንስ አላውቅም ነበር» እያለች ትመልስላታለች። ልጅ ሲታነቅ እንዴት ጎንበስ ተደርጎ ጀርባው እንደሚመታ ስታይ የፍራሽ ትራስ አንስታ ሞከረችው።

ብቻዋን ግን አልነበረችም። አደይ ነቅታለች። መጀመሪያ ከግድግዳዋ ሆና ስልኩን አየች። በሌላ ቀን ፍራሿ ጫፍ ላይ መጣች። ሌላ ቀን ከበርጩማው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሰልሚያ ዝም አለቻት። ትኩሳት ያለበት ሕፃን ሥዕል ሲመጣ አደይ ጣቷን ዘርግታ ግንባሩን ዳሰሰችው። እንዲህ ሆነው ሁለቱ፣ የማትተኛዋ ልጅና የማትቸኩለዋ ሴት፣ አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰው ይማሩ ጀመር። በበሩ ስንጥቅ አየኋቸውና፣ ዩኒቨርሲቲ ስማር እንደዚህ ያጎነበስኩበት አንድ ቀን ነበረኝ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

በሰኔ አጋማሽ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት በጀመረበት ሰሞን፣ የናጃህ ድርሻ የነበረው ትምህርት መጣ።

«ሕፃኑ አልተኛም ቢል ምን ያደርጋሉ?» አለች የስልኳ ሴት። «ሀ፤ ብቻውን ትተውት ይወጣሉ። ለ፤ ጅብ መጣ ወይም የመሳሰለውን ይነግሩታል። ሐ፤ አጠገቡ ሆነው ምን እንዳስጨነቀው ያዳምጡታል።»

ሰልሚያ በደስታ ጭኗን መታች። «ተናኘ! ነይ ስሚ! ያውቁኛል! አዲስ አበባ ድረስ የእኔን ጅብ ያውቁታል!»

«ለ»ን ነካች። ቀይ ምልክት ወጣ። «ትክክል አይደለም። እንደገና ይሞክሩ።»

«ጣቴ ሸርተት ብሎ ነው» አለችና እንደገና «ለ»ን ነካች። ቀይ።

«ስልኩ ነው የተሳሳተው» አለች ለተናኘወርቅ። «እኔ ስንቱን ልጅ አስተኝቻለሁ! ይኸው…» እጇን ወደተኙት ልጆች ልትዘረጋ ስትል ቀሚሷ ጫፍ ላይ ሙቀት ተሰማት። ጎንበስ አለች። አደይ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ከሥሯ ወለሉ ረጥቧል።

«ምነው የእኔ እናት? ምን ሆንሽ?»

አደይ ስልኩን አየች፣ ሰልሚያን አየች።

«ስልኩም ውስጥ አለ?» አለች።

«ማን?»

«ጅቡ።»

ሰልሚያ ስልኩን መሬት ላይ አስቀመጠችና ልጅቷን ከነእርጥበቷ ታቅፋ ቆየች። ተናኘወርቅ ማማሰያዋን እንደያዘች በር ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ ጨርቅ አምጥታ ወለሉን ወለወለች።

ማታ ውድነሽ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ሰልሚያ ለብቻዋ ጠየቀቻት። ውድነሽ በበርበሬ የቀላ እጇን እያሻሸች ነገረቻት። ቆሼ ሳሉ በርበሬው የሚደርቀው ከቤታቸው ደጅ ሜዳ ላይ ነበር፤ አህያቸውም እዚያው ትታሰር ነበር። አንድ ሌሊት ጅብ መጣ።

«እኔና እሷ ውስጥ ነን። በሩ ደካማ ነው። የሚያድን ሰው ቅርብ የለም። አህያዋ እስክትሞት ሰማናት፣ እሱም ሲበላ ሰማነው። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ረሳሁት። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ በሩን ሳታይ አትተኛም።»

«ለምን አልነገርሽኝም ውድነሽ?»

«ምን ብዬ?» አለች ውድነሽ በየዋህነት። «እዚህ ጅብ የለም ብዬ አይደል ያመጣኋት።»

በማግስቱ ሰልሚያ «ሐ»ን ነካች። አረንጓዴ። ትምህርቱን አለፈች፣ የሚቀጥለውንም፣ የሚቀጥለውንም። ግን መጨረሻው ላይ አንድ ሥራ ቀረ። ሠልጣኟ በእንቅልፍ ሰዓት ልጆቹን ስታስተኛ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ተቀርጾ ይላክ ይላል። ሥልጠናውን የሚሰጡት ሰዎች አይተው ይወስናሉ።

ሰኔ ጥቂት ነበር የቀረው።

ናጃህ ስልኩን መደርደሪያው ላይ፣ በማሰሮና በዘይት ጠርሙስ መካከል አቆመችው። ሰልሚያ ንጹሕ ሻርፕ ለብሳ ገባች።

«ልጆቼ፣ ኑ፣ ጋደም በሉ። የእኔ ማሮች። ቀስ… ቴዲ! ተኛ ብያለሁ፣ አለዚያ ጅ…»

አፏን በመዳፏ ያዘች። ናጃህ ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ አፏ ተጠበቀ። ደህና ስታባብላቸው ቆይታ፣ አንዱ ሲስቅ፣ እጇ ሳታዘው ወደ ቆርቆሮው በር ሄደና ኳ፣ ኳ አደረገ። ልጆቹ ሁሉ ዘፍ አሉ። አደይ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«አፍሽን ብትይዢው እጅሽ ይናገራል!» አለች ተናኘወርቅ። «አንቺን ከነሥርሽ ነው መንቀል!»

ከዚያ ደግሞ ሰልሚያ እጇንም አፏንም ስትገታ፣ ልጆቹ አልተኙም። ጅብ የሌለበትን ቤት አያውቁትምና ፍራሽ ላይ ይዘሉ ጀመር። ቴዲ፣ የአራት ዓመቱ አለቃቸው፣ ወገቡን ይዞ ቆመ።

«ኡሚ፣ ጅቡስ?»

«የለም ቴዲዬ።»

«የት ሄደ?»

«የለም አልኩህ።»

«ውሸትሽን ነው!»

ቤቱ ተገለበጠ። እኩለ ቀን ላይ ከአጥራችን ማዶ እንደ ገበያ መጮህ ጀመረ። እናቶቹ ልጆቻቸው ማታ ማታ ሲነጫነጩ «ምነው ኡሚ፣ ልጄ እንቅልፍ አጣ» አሉ። ሰልሚያ ከዓይኗ በታች ጠቆረች።

«ኡሚ» አለች ናጃህ አንድ ቀን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሻርፕሽን ልልበስና እኔ ልቀረጽልሽ። ከኋላ አይታወቅም። እኔ ስዘፍንላቸው ይተኛሉ።»

ሰልሚያ ተመኝታው ነበር፣ ነግራኛለች። «አይሆንም» አለች በመጨረሻ። «የናጃህን ማሳ አረምኩ፣ እሰየው። ይሄኛው አረም ግን የእኔ ነው። እኔው ነኝ የዘራሁት።»

በሰኔ መጨረሻ ሰሞን ዝናቡ ቀትር ላይ ወረደ። ዘቢዳር ተራራ በደመና ጠፋ፣ ክፍሉ ጨለም አለ። ናጃህ ስልኩን እንደ ልማዷ መደርደሪያው ላይ አቆመችው። ሰልሚያ አልቆመችም። ደክሟት ነበርና ወለሉ ላይ፣ በፍራሾቹ መካከል፣ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

«ኡሚ» አለ ቴዲ፣ «ጅቡስ የት ሄደ?»

ሰልሚያ ጣራውን አየች። ዝናቡን አዳመጠች። ከዚያ እንደ ሚስጥር አጎነበሰች።

«ጅቡማ… እናቱ ገበያ ሄዳለች።»

የሚዘሉት ቁጭ አሉ።

«ጅብ እናት አለው?» አለ ቴዲ።

«ከምን ተወለደ ታዲያ?»

«ምን ገበያ ሄደች?»

«ጉንችሬ ገበያ። ቆጮ ልትገዛ።»

«ጅብ ቆጮ ይበላል?»

«ከአይብ ጋር ከሆነ ማን እምቢ ይላል?»

አንዷ ሳቀች። ሰልሚያ ቀጠለች። «እናቱ ገበያ ስትሄድ ልጇን የት ትተወው? እኔ ጋ ነዋ። በር ላይ መጥቶ የሚያንኳኳው ትንሽ ጅብ ነው፣ እናንተን የሚያክል። እኔ ሳላውቅ ልጆቼን ሊያስፈራ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ግባ በሉኝ ማለቱ ነው። ይበርደዋል። እናቱ ናፍቃዋለች።»

«ኡኡ የሚለውስ?» የአደይ ድምፅ ነበር፣ ከግድግዳው በኩል።

ሰልሚያ ወደ እሷ አልዞረችም፤ ዝግ ብላ መለሰች። «እሱማ እናቱን ሲጠራ ነው። አንቺስ እናትሽን ስትጠሪ አትጮኺም?»

አደይ ተነሳች። ፍራሿን ከግድግዳው ጎትታ ወደ ሌሎቹ አመጣችው። ከዚያ ጫፉ ላይ ጋደም ብላ ግማሹን ባዶ ተወችው።

«እዚህ ይተኛ» አለች። ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ «አህያ ግን አይብላ።»

«አይበላም» አለች ሰልሚያ። «ጥርሱም ገና አልበቀለ።»

አደይ እጇን በባዶው ግማሽ ላይ አሳረፈች፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ። ቴዲ «ስሙ ማነው?» እያለ እንቅልፍ ወሰደው። አንድ በአንድ በእንቅልፍ ሄዱ። አደይ ከሁሉም ኋላ ሄደች፣ ግን ሄደች። ሰልሚያ ከቦታዋ ሳትነሳ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለችና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ስልኩ ይህንንም ቀረጸ።

ቪዲዮው ለመሄድ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀ፤ ኔትወርኩ በዝናብ ይመጣል ይሄዳል። ሲና መጥታ ስታየው እጇን ራሷ ላይ አደረገች። «ኡሚ! አታስፈራሩ እየተባለ ጅብ ይልካሉ?»

«ሌላ ጅብ ነው» አለች ሰልሚያ። «ይሄኛው የእኔ ልጅ ነው። ካልገባቸው ምን ላድርግ? ያለኝ እሱ ነው።»

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሰልሚያ ስልኩን በየሰዓቱ ታስከፍታለች፤ ተናኘወርቅ «ምጥ እንደያዛት ሴት ተቁነጠነጥሽ!» እያለች ትስቅባታለች፣ ራሷም ከኋላ ቆማ አንገቷን ታሰግጋለች። ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ልጆቹ ገንፎ እየበሉ፣ ያ ሙዚቃ ተሰማ። እንኳን ደስ አለዎት፣ ሰልሚያ ሸረፋ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል አንድ መስመር ነበር፤ ናጃህ አነበበችላት፦ «እንግዳውን ጥሩ አድርገው ተቀብለውታል።»

ፈቃዱን ለማደስ ሲና በሐምሌ መጀመሪያ ቤቱን ልታይ መጣች። ቀትር ነበር፤ ልጆቹ ተኝተዋል። በእግር ጣቷ እየረገጠች ዞረች። ግድግዳው ላይ ሦስት ወረቀት ተሰቅሏል። ከአደይ ፍራሽ አጠገብ ግን አንድ ሌላ ፍራሽ አለ፣ ትንሽ፣ አዲስ ጨርቅ የለበሰ፣ ሰው ያልተኛበት። ልጅቷ እግሯን የምትዘረጋበት እንድታገኝ ሰልሚያ የሰፋችው ነው።

«ይሄኛውስ የማነው?» አለች ሲና በሹክሹክታ። «የቀረ ልጅ አለ?»

ሰልሚያ መልስ ሳትሰጥ አደይ አንድ ዓይኗን ከፈተች።

«የጅቡ ነው» አለች። «ዛሬ እናቱ ወስዳዋለች።»

ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። ሲና ቦርሳዋን አስተካከለችና፣ ወደ በሩ ስትወጣ ያን ባዶ ፍራሽ እንዳትረግጠው ዞራ አለፈች።